ትርፉ ዓሣ የማን ነው? ስለ ምዕራብ ሰሐራ ባሕርና ስለ ዓሣ ውሎቹ

በ2019 ዓ. ም. የአውሮፓ ኅብረትና የሞሮኮ መንግሥት አንድ ውል ተፈራረሙ፤ ስሙንም «ዘላቂ የዓሣ ማጥመድ ሽርክና ስምምነት» አሉት። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2024፣ በሉክሰምበርግ የሚያስችለው የኅብረቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ አውሮፓ ይህን ውል የተቀበለበት ውሳኔ ፈራሽ ነው ሲል የመጨረሻ ፍርዱን ሰጠ። ውሳኔው የወደቀው ዓሣው ስላለቀ አይደለም፤ መርከቦቹ ከተፈቀደላቸው በላይ ስላጠመዱም አይደለም። የወደቀው የባሕሩ ባለቤት የሆነው ሕዝብ «እሺ» ሳይል በንብረቱ ላይ ሌሎች ስለ ተዋዋሉበት ነው።

እንግዲህ ልናስረዳ ያሰብነው ይህ «ዘላቂ» የሚለው መልካም ቃል ክርክር ባለበት ባሕር ላይ ምን ሥራ እንደሚሠራ ነው። ቃሉን በራሱ የሚጠላው ሰው አይገኝም። ዓሣው ዘሩ ሳይጠፋ፣ ባሕሩም ሳይራቆት ለልጅ ልጅ ይድረስ የሚል አሳብ ማንን ያስቈጣል? ነገር ግን «ስንት ዓሣ ቢጠመድ ዘሩ አይጠፋም?» የሚለው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዓሣው የማን ነው?» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ዘመን የሁለተኛው መሸፈኛ ሆኖ አገልግሏል። ከዚህም አልፈን፣ ሁለተኛው ሳይመለስ የመጀመሪያው በእውነት ሊመለስ አይችልም እንላለን። ምክንያቱን እንደ አቅማችን ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ምዕራብ ሰሐራ 266,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ አብዛኛው አሸዋና ድንጋይ የሆነ አገር ነው። ሀብቱ ከአሸዋው ሥርና ከጠረፉ ማዶ ነው፤ ከሥር በቡ ክራ የሚቈፈረው ፎስፌት፣ ከማዶ ዓሣው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳር ወደ ውቅያኖሱ መካከል ይገፋዋል፤ በእርሱ ፋንታ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ይህ ውሃ ለረቂቃን የባሕር ዕፅዋት ምግብ የሚሆነውን ንጥረ ነገር ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ ዕፅዋቱ ይበዛሉ፤ እነርሱንና በእነርሱ የሚኖሩትን ረቂቃን እንስሳት ትንንሾቹ ዓሦች ይበላሉ፤ ትንንሾቹን ደግሞ ትልልቆቹ። ባዮሎጂ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ከእኛ አብልጠው ያስረዱታል። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃን፣ በዚያ ጠረፍ ሳርዲንና ማከረል በብዛት እንደሚገኙ፣ ከባሕሩ ወለል ደግሞ በጃፓንና በስፔን ገበያ በጥሩ ዋጋ የሚሸጠው ባለ ስምንት እጁ ኦክቶፐስ እንደሚጠመድ ማወቅ ነው። ሞሮኮ በቈርቈሮ የታሸገ ሳርዲን ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚዋ ናት። ከመካከላችን አንዱ ለራት ከሱቅ የሳርዲን ቈርቈሮ ቢገዛና «ሞሮኮ» የሚል ጽሕፈት ቢያይበት፣ ዓሣው ከአጋዲር ፊት ይጠመድ ከዳኽላ ፊት ከጽሕፈቱ ሊያውቅ አይችልም። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ይህ አገር የስፔን ቅኝ ግዛት ነበረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1963 ዓ. ም. ራሳቸውን ገና ካላስተዳደሩ ግዛቶች መዝገብ ውስጥ አገባው፤ ከዚያም መዝገብ አልወጣም። በ1975 ዓ. ም. ስፔን ለመውጣት ስትሰናዳ ሞሮኮም ሞሪታንያም «አገሩ ከጥንት የእኛ ነው» አሉ። ጉዳዩ ለአስተያየት ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ተመራ። ፍርድ ቤቱ ኦክቶበር 16 ቀን 1975 በሰጠው አስተያየት፣ በጥንት ዘመን በሞሮኮ ሱልጣንና በግዛቱ ከሚኖሩት ጐሣዎች በአንዳንዶቹ መካከል የታማኝነት ግንኙነት እንደ ነበረ አመነ፤ ነገር ግን ይህ የግዛት ባለቤትነትን አያስከትልም፤ የሕዝቡንም የራሱን ዕድል በራሱ የመወሰን መብት አያስቀርም አለ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 14 ቀን፣ ስፔን በማድሪድ ከሁለቱ ጋር ተዋውላ የአስተዳደሩን ሥራ አስረከበች። ከዚያ ውል ጋር በተያያዙት ጽሑፎች ስለ ዓሣ ማጥመድና ከቡ ክራ ፎስፌት ስፔን ስለምትይዘው 35 በመቶ ድርሻ መስማማታቸውን እዚህ ላይ እንያዝ። አገሩን የለቀቀ ሁሉ ሀብቱን አልለቀቀም።

ከዚያ በኋላ ጦርነት ሆነ። የሰሐራውያን ነጻ አውጪ የሆነው ፖሊሳሪዮ ግንባር በፌብሩዋሪ 1976 ሪፑብሊክ አወጀ። ሞሪታንያ በ1979 ከጦርነቱ ወጣች፤ ሞሮኮ ግን የሞሪታንያንም ድርሻ ጨምራ ያዘች፤ በበረሃው መካከልም 2,700 ኪሎሜትር ያህል የሚረዝም የአፈርና የድንጋይ ካብ ሠራች። በ1991 ዓ. ም. ተኩስ ቆመ፤ የተባበሩት መንግሥታትም የሕዝብ ድምፅ የሚያሰጥ ልዑክ አቋቋመ። ድምፁ ግን ሳይሰጥ ቀረ። በ2020 መጨረሻ ፖሊሳሪዮ የተኩስ ማቆሙ ስምምነት አብቅቷል አለ። ካቡ ከሕዝቡ ብዙውን ከባሕሩ ለይቶታል፤ የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን በ2018 ባወጣው ግምት በአልጄሪያ በቲንዱፍ አካባቢ ሰፈሮች የሚኖሩት ሰሐራውያን 173,600 ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከዓሣው ባሕር በብዙ መቶ ኪሎሜትር ርቀው በእርዳታ እህል የሚኖሩ ናቸው።

አሁን ወደ ውሎቹ እንግባ። ስፔን በ1986 ዓ. ም. የአውሮፓን ማኅበር ስትቀላቀል፣ ከውጭ አገሮች ጋር የዓሣ ውል የመዋዋል ሥልጣን ከማድሪድ ወደ ብራስልስ ተዛወረ። ስለዚህ የስፔን አጥማጆች የቆየ ልማድ የአውሮፓ ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ከ1988 ጀምሮ ተከታታይ ውሎች ተፈረሙ፤ የ1995ቱ ውል በ1999 ሲያበቃ ሳይታደስ ቀርቶ ብዙ የስፔን መርከቦች ሥራ ፈቱ፤ ከብዙ ድርድር በኋላ በ2006 አዲስ ውል ተደረገና በ2007 ሥራ ላይ ዋለ። በዓመት 36.1 ሚሊዮን ዩሮ ለሞሮኮ ይከፈል ነበር። ውሉ የሚሠራበትን ባሕር ሲገልጽ «በሞሮኮ መንግሥት ልዕልና ወይም ሥልጣን ሥር ያለ ውሃ» ብሎ አለፈው። ወሰኑ በደቡብ የት እንደሚቆም አልተጻፈም። የሞሮኮና የምዕራብ ሰሐራ የታወቀው ወሰን 27 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን ላይ ነው፤ ይህ ቁጥር በውሉ ውስጥ አልተገኘም። በኅብረቱ ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ ይህን ነገር ጠቅሳ የተቃወመች አገር ስዊድን ብቻ ነበረች። ቢፈለግ ኖሮ መጻፍ አይቻልም ነበር ሊባል አይችልም፤ አሜሪካ በ2004 ከሞሮኮ ጋር የነጻ ንግድ ውል ስትፈርም ምዕራብ ሰሐራ በውሉ ውስጥ እንደማይገባ በግልጽ አስታውቃ ነበር። (ያችው አሜሪካ በዲሴምበር 2020 የሞሮኮን ባለቤትነት አውቄያለሁ ማለቷ ሌላ ታሪክ ነው።)

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ሰፋ አድርገን መመልከት አለብን፤ የነገሩ ቍልፍ ያለው በእርሱ ነውና። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ለባለ ጠረፍ አገር እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ባለው ውሃ ውስጥ የሚገኘውን ሀብት የመጠቀም መብት ሰጠ። ከመብቱ ጋር ግዴታም አለ። ባለ ጠረፉ አገር በሊቃውንት ምክር ዘሩ ሳይጠፋ በዓመት ስንት ዓሣ ሊጠመድ እንደሚቻል ይወስናል። ቀጥሎ ከዚህ ውስጥ ራሱ ሊያጠምደው የሚችለውን ያያል። የቀረው «ትርፍ» ይባላል፤ ትርፉን ሌሎች አገሮች በውል እንዲያጠምዱት ይፈቅዳል። አውሮፓ ከአፍሪካ አገሮች ጋር የምታደርጋቸው የዓሣ ውሎች ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ቃል ላይ ነው። «የእናንተን አንነካም፤ የምንወስደው ትርፉን ነው» ይባላል።

ትርፍ ማለት ግን ከምን የተረፈ ነው? ከፍላጎት የተረፈ ነው። የማን ፍላጎት? በአንድ ቤት ውስጥ እንጀራ ተረፈ የሚባለው ቤተ ሰቡ በልቶ ሲጠግብ ነው፤ ልጆቹ ውጭ ቆመው ሳለ መሶቡን ከፍቶ «ይህ ትርፍ ነው» ማለት አይቻልም። የባሕሩን ትርፍ ለማስላት ከሁሉ በፊት ባለ ጠረፉ ማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። አጥማጁ ስንት እንደሚያስፈልገው፣ ለነገ ስንት መተው እንደሚሻ፣ ከናካቴው ማጥመድ ይፈልግ ወይም ባሕሩን አሳርፎ ማቆየት ይመርጥ እንደ ሆነ የሚናገረው እርሱ ነውና። ሊቃውንቱ ዓሣውን ሊቈጥሩ ይችላሉ፤ ፍላጎቱን ግን ሊቈጥሩለት አይችሉም። የሰሐራ ሕዝብ አንድ ጊዜ እንኳ ተጠይቆ ስለማያውቅ፣ በዚያ ባሕር ላይ «ትርፍ» የተባለው ቁጥር የሳይንስ ልብስ የለበሰ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። «ዘላቂ» የሚለውም ቃል ከዚህ ቁጥር የሚወለድ ስለ ሆነ የእናቱን ጕድለት ይወርሳል።

ባለቤትነት የሌለው ዘላቂነት ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ልምዱ ያሳያል። የ2007ቱ ውል የጊዜ ገደቡ ሲያልቅ ለኅብረቱ ኮሚሽን የተደረገው የግምገማ ጥናት፣ ከባሕሩ ወለል ከሚጠመዱት ዓሦች ከፊሎቹ ከልክ በላይ እንደ ተጠመዱ አሳየ። ገንዘቡም ቢሆን ኪሳራ ነበር፤ ኅብረቱ የሚያወጣው አንድ ዩሮ አንድ ዩሮ ያህል ጥቅም እንኳ አላስገኘም፤ ከአውሮፓ የዓሣ ውሎች ሁሉ ለወጪው ጥቅሙ ዝቅተኛ የሆነው ይኸኛው ነው ተባለ። የአውሮፓ ፓርላማ ዲሴምበር 14 ቀን 2011 የውሉን መራዘም በ326 ድምፅ በ296 ላይ ጣለው። ሞሮኮም መርከቦቹን በዚያው ዕለት ከውሃው እንዲወጡ አዘዘች።

በዚያ ቀን ሦስት ልዩ ልዩ ወገኖች በአንድ ድምፅ ተቃውመው ነበር፤ አንዱ ስለ ዓሣው፣ አንዱ ስለ ገንዘቡ፣ ሦስተኛው ስለ ሰሐራ ሕዝብ መብት። በጊዜው እንደ ታላቅ ድል ተቈጠረ። እኛ ግን ስንመለከተው የኋላው ስሕተት የተዘራው በዚያ አንድነት ውስጥ ይመስለናል። ሦስቱ ክሶች አብረው ስለ ቀረቡ፣ ሁለቱን የመለሰ ሁሉንም የመለሰ መሰለ። በ2013 ኅብረቱ የዓሣ ሕጉን አሻሽሎ ከውጭ አገሮች ጋር የሚያደርጋቸው ውሎች «ዘላቂ» የሚል ቅጽል በስማቸው ላይ እንዲጨመርባቸው፣ ትርፉም በሳይንስ ምክር እንዲወሰን አዘዘ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፓርላማው አዲሱን የሞሮኮ ፕሮቶኮል አጸደቀ። ክፍያው በዓመት 30 ሚሊዮን ዩሮ ሆነ፤ 16ቱ ለመግቢያ፣ 14ቱ ለሞሮኮ የዓሣ ሥራ ማልሚያ፤ ከዚህ ሌላ የመርከብ ባለቤቶች ወደ 10 ሚሊዮን የሚገመት ይከፍላሉ። ስለ ዓሣው መልስ ተሰጠ፤ ስለ ገንዘቡም መልስ ተሰጠ። ስለ ሕዝቡ ግን ሞሮኮ ገንዘቡ የት እንደ ዋለ ሪፖርት ታቀርባለች የሚል ቃልና ስለ ሰብአዊ መብት መከበር የሚናገር ዐረፍተ ነገር ገባ። ሊመለስ የሚችለው ጥያቄ ተመለሰ፤ የማይመለሰው ከተመለሱት ጋር ተጠቅልሎ ወደ መዝገብ ቤት ገባ።

የሞሮኮን ክርክር ሳንሰማ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሞሮኮ እንዲህ ትላለች፤ አገሩን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ በዳኽላና በላዩን ወደቦችን የሠራሁ፣ ለብዙ ሺህ ሰዎች ሥራ የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ ባሕሩንም የምጠብቅ እኔ ነኝ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። በዳኽላ ዙሪያ የኦክቶፐስ ጥማጅ እጅግ ሰፍቶ ሀብቱ ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜ፣ በ2004 ዓ. ም. ሞሮኮ የአጠማመድ ዕቅድ አወጣች፤ የሚጠመደው መጠን በትልልቆቹ ባለ ማቀዝቀዣ መርከቦች፣ በመካከለኞቹና በትንንሾቹ ጀልባዎች መካከል ተከፋፈለ፤ እንስሳው የሚራባበትም ወራት ጥማጅ የተዘጋ ሆነ። ጠባቂ የሌለው ባሕር ይራቆታል የሚለው አባባል እውነት ነው። አውሮፓ ብትወጣ ሌሎች እንደሚገቡም እውነት ነው፤ የሩሲያ መርከቦችም ከሞሮኮ ጋር በተደረገ ውል በዚያ ያጠምዱ ነበር።

ነገር ግን ይህንኑ የኦክቶፐስ ዕቅድ በደንብ ያየ ሰው ሌላ ነገር ይማርበታል። ባሕሩ እንዲያርፍ ሲታዘዝ አንድ ሰው መጾም አለበት፤ የሚጾመው ማን እንደ ሆነና ድርሻው ለማን እንደሚሰጥ መወሰን የመንግሥትነት ሥራ ነው። ሰሐራዊው በዚህ ክፍፍል ጊዜ በጠረጴዛው ዙሪያ ነበረ ወይ? ቢኖርስ በግለሰብነቱ፣ በቀን ሠራተኛነቱ ወይስ በባለቤትነቱ? አደራ ጠባቂ የአደራውን ዕቃ አክብሮ ስለ ያዘ ባለቤት አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የሕግ አማካሪ የነበሩት ሐንስ ኮሬል በጃንዋሪ 2002 ለጸጥታው ምክር ቤት በሰጡት አስተያየት፣ የማድሪዱ ውል የግዛቱን ባለቤትነት ለማንም እንዳላስተላለፈ ገልጸው፣ ሀብቱን ማውጣት የሕዝቡን ጥቅምና ፍላጎት የሚጥስ ከሆነ የዓለም አቀፍ ሕግን መጣስ ይሆናል ብለው ነበር። አስተያየቱ የተሰጠው ስለ ነዳጅ ዘይት ፍለጋ ቢሆንም፣ «ጥቅምና ፍላጎት» የሚሉት ሁለት ቃላት ከዚያ በኋላ የዓሣውም ክርክር ዋልታ ሆኑ። ጥቅም ሌላው ሊያስብልህ ይችላል፤ ፍላጎትህን ግን ካንተ በቀር ሊናገርልህ የሚችል የለም።

ፖሊሳሪዮና ደጋፊዎቹ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። የሕግ ተማሪዎች ይቅር ይበሉንና ነገሩን እንደ ገበሬ ወግ አድርገን እናስረዳው። ሁለት ሰዎች በሦስተኛው ሰው ማሳ ላይ የእርሻ ውል ቢዋዋሉ፣ ዘሩን ጥሩ አድርገው ቢመርጡም፣ መሬቱን በየዓመቱ ቢያሳርፉም፣ ባለ ማሳው ካልፈቀደ ውሉ አያስረው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2016 ስለ ንግድ ውል በሰጠው ፍርድ ይህንኑ አለ፤ ምዕራብ ሰሐራ ከሞሮኮ የተለየ ግዛት ነው፤ ሕዝቡም ለውሉ ሦስተኛ ወገን ነውና ያለ ፈቃዱ ውሉ አይነካውም። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2018 ደግሞ ስለ ዓሣው ውል ሲፈርድ፣ «በሞሮኮ ልዕልና ወይም ሥልጣን ሥር ያለ ውሃ» የሚለው ቃል የሰሐራን ባሕር ስለማያጠቃልል ውሉ እዚያ አይሠራም፤ ስለማይሠራም ውሉ ራሱ ሕጋዊ ነው አለ። ብልሃቱ ያስደንቃል። የፍርድ ቤቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሜልኪዮር ዋትሌት ከፍርዱ በፊት ባቀረቡት አስተያየት፣ በ2013ቱ ፕሮቶኮል ከተጠመደው ዓሣ 91.5 በመቶ ያህሉ ከሰሐራ ባሕር የወጣ መሆኑን ገልጸው ውሉ መፍረስ አለበት ብለው ነበር። እንግዲህ በፍርዱ መሠረት ውሉ ሕጋዊ የሚሆነው ከዓሣው ዘጠኝ አሥረኛው የተጠመደበትን ባሕር ካልነካ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኛ ትምህርት ሰጪ ነው። ፍርድ ቤቱ «ይህ ባሕር በውላችሁ ውስጥ የለም» ሲል ተዋዋዮቹ ከባሕሩ አልወጡም፤ ባሕሩን በውሉ ውስጥ ጻፉት። የ2019ኙ ውል የሚያጠምዱበትን ክልል ከ35 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ እስከ 20 ዲግሪ ከ46 ደቂቃ ሰሜን አድርጎ «ለምዕራብ ሰሐራ ተጓዳኝ የሆነውን ውሃ ጨምሮ» አለ። ለ128 መርከቦች ፈቃድ ተመደበ፤ በአራት ዓመት 208 ሚሊዮን ዩሮ ይከፈላል ተባለ። ስለ ሕዝቡ ፈቃድም፣ ኮሚሽኑ በአካባቢው ያሉትን የምክር ቤት ተመራጮች፣ ነጋዴዎችና ማኅበሮች አነጋግሬ ብዙዎቹ ደግፈውታል አለ።

እዚህ ላይ ቋንቋ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው እናያለን። ኮሚሽኑ ያነጋገረው «ነዋሪውን» ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው «ሕዝቡን» ነው። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። ከ1975 ወዲህ ከሰሜን እየመጡ በግዛቱ የሰፈሩት ብዙ ናቸው፤ ከዚያ የተሰደዱትም ብዙ ናቸው። ነዋሪ ማለት ዛሬ በቦታው የሚገኝ ነው፤ ሕዝብ ማለት ግን የራሱን ዕድል የመወሰን መብት ያለው ነው፤ ቦታው ላይ ባይገኝም። የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 29 ቀን 2021፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደግሞ ኦክቶበር 4 ቀን 2024 ያሉት ይህንኑ ነው፤ ነዋሪን ማማከር የሕዝብን ፈቃድ አይተካም። በዳኽላ የሚኖር፣ በወደቡ ሠርቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰሐራዊ ምን እንደሚል መስማት ተገቢ አይደለም ማለታችን አይደለም፤ እርሱም የሕዝቡ አካል ነው። የሚጠየቀው ግን ለብቻው ተነጥሎና በአስተዳዳሪው ፊት ሆኖ ከሆነ መልሱ የሁሉ ሊሆን አይችልም።

የ2021ዱ ፍርድ ይግባኙ እስኪያልቅ ድረስ ውሉ እንዲቀጥል ስለ ፈቀደ፣ መርከቦቹ ፕሮቶኮሉ ጁላይ 17 ቀን 2023 እስኪያበቃ ድረስ አጠመዱ። የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ የሚፈርስ ውል እንጂ የሚመለስ ዓሣ አልነበረም። ፍርዱ እስኪደርስ ሳርዲኑ ተበልቶ ነበር።

ሆኖም በ2024ቱ ፍርድ ውስጥ ሰዎች ብዙ ያላስተዋሉት፣ ለአሳባችን ግን ዋና የሆነ ክፍል አለ። ፍርድ ቤቱ የሕዝቡ ፈቃድ በግልጽ ባይሰጥም እንደ ተሰጠ ሊቈጠር የሚችልበትን መንገድ አመለከተ። ውሉ በሕዝቡ ላይ ግዴታ መጣል የለበትም፤ ከሀብቱም መውጣት ጋር የሚመጣጠን፣ የተለየ፣ የሚጨበጥ፣ ከፍ ያለና ሊመረመር የሚችል ጥቅም ለሕዝቡ መስጠት አለበት፤ የሚቈጣጠረውም መኖር አለበት። ከዚያም ዓሣን የመሰለው የሚተካ ሀብት ያለማቋረጥ እየተተካ እንዲኖር የሚያደርግ ዋስትና ያስፈልጋል አለ። ልብ በሉ፤ ዘላቂነት እዚህ ተመልሶ መጣ። አመጣጡ ግን ሌላ ነው። በ2013 እና በ2019 ዘላቂነት ሁለቱ ተዋዋዮች እርስ በርሳቸው የተሰጣጡት የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት ነበር፤ በ2024 ግን ለሦስተኛው ወገን፣ ለሕዝቡ፣ የሚከፈል ዕዳ ሆነ። ዓሣው መቆየት ያለበት ባለቤቱ መጥቶ እስኪረከበው ድረስ ነው።

ይህ መንገድ አደጋ የለውም አንልም። «እንደ ተሰጠ የሚቈጠር ፈቃድ» የሚለው አባባል ያስፈራናል። ዝም ያለ ሁሉ ፈቅዷል ከተባለ፣ ጥቅሙን መዝኖ «ይበቃችኋል» የሚለው ማን ነው? በኦክቶበር 2025 ኅብረቱ ከሞሮኮ ጋር ስለ እርሻ ምርት ባደረገው አዲስ የንግድ ስምምነት ይህን መንገድ ተከትያለሁ ማለቱ፣ ከሰሐራ በሚመጣው ሸቀጥም ላይ በሞሮኮ አስተዳደር አከፋፈል የክፍለ ሀገሩ ስም እንዲጻፍ መስማማቱ ፍርሃታችንን አላቀለለልንም። በዚያው ወር መጨረሻ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቍጥር 2797 የሞሮኮን የራስ ገዝ አስተዳደር አሳብ የድርድር መሠረት አድርጎታል፤ የሕዝቡንም የራሱን ዕድል በራሱ የመወሰን መብት አንሥቷል። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ ተደራዳሪዎቹ ያውቃሉ።

ባሕር የሌላት አገር ተማሪዎች በዚህ ምን አገባን የሚል ጓደኛ ይኖራል። አንደኛ፣ ጉዳዩ ከስድስት ኪሎ ብዙ በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ ሲያከራክር የኖረ ነው። የሰሐራውያን ሪፑብሊክ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወንበር ያገኘችው በፌብሩዋሪ 1982 በአዲስ አበባ በተደረገው የሚኒስትሮች ስብሰባ ነው፤ ሞሮኮ በዚህ ምክንያት በ1984 ድርጅቱን ትታ የወጣችው ከዚሁ ከአዲስ አበባ ጉባኤ ነው፤ በጃንዋሪ 2017 ወደ አፍሪካ ኅብረት የተመለሰችውም እዚሁ ነው። ስለዚህ ለባሕሩ የሚከራከሩት ሁለቱም በአንድ የአፍሪካ ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ ስለ ባሕሩ የተፈረዱት ፍርዶች ግን ከሉክሰምበርግ የመጡ ናቸው። ሁለተኛ፣ ከእኛ መካከል ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ገብቶ የማዕድን፣ የደን ወይም የወንዝ ውል ረቂቅ የሚያነብ ብዙ ነው። ረቂቁ «ዘላቂ» በሚል ቃል የተሞላ እንደሚሆን አንጠራጠርም።

በሰሐራ ባሕር ላይ ሌላ የዓሣ ውል ተረቅቆ ቢቀርብ የት ላይ እንደምንመለከት እንጠቁም። ስለ መረቡ ቀዳዳ ስፋትና ስለ እረፍቱ ወራት የሚናገረው አባሪ ጥሩ ሆኖ እንደሚጻፍ እንገምታለን፤ በዚህ ረገድ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ሙያ አይታማም። እኛ በመጀመሪያ የምንፈልገው 27 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ የሚለው ቁጥር ተጽፎ እንደ ሆነ ነው። ከእርሱ በስተደቡብ የተጠመደው ዓሣ ለብቻው ይቈጠራል ወይ? ገንዘቡ ለብቻው ይቀመጣል ወይ? ቲንዱፍ ያለው ሰው ሒሳቡን ማየት ይችላል ወይ? «ትርፍ» የሚለውስ ቁጥር ሲጻፍ ከባለቤቱ ወገን የፈረመበት ማን ነው?